ከንቲባም ሴናተርም ልሁን ላለችው ተማሪ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ሃያ ዓመቴ ነው። ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ ዜግነቴን ባለፈው ዓመት ወስጃለሁ። ኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ነኝ፣ ፖለቲካል ሳይንስ እማራለሁ። በሰመር ዕረፍት ኒው ጀርሲ፣ ዩኒየን ሲቲ አክስቴ ዘንድ ሰነበትኩና የከተማው ከንቲባ የስቴቱም ሴናተር መሆናቸውን ሰምቼ ገረመኝ። እኔም አንድ ቀን ሁለቱንም ብሆን ብዬ መመኘቴ ሞኝነት ነው? ከየትስ ልጀምር? አባቴ "ፖለቲካ እንጀራ አይሆንም፣ ነርሲንግ ግቢ" ይለኛል። እናቴ ደግሞ "ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ" ትላለች።»

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ደግሜ ነው ያነበብኩት። ምኞትሽ ሞኝነት የለበትም። ግን ዩኒየን ሲቲ ያየሽው ነገር በሩ የተዘጋ ቤት ነው፤ ቀድመው የገቡት ይኖሩበታል እንጂ አዲስ ሰው አይገባበትም። ነገሩ እንዴት እንደተዘጋ ስታውቂ የራስሽ መንገድም አብሮ ይታይሻልና ከዚያ ልጀምር።

ብራያን ስታክ ከ2000 ጀምሮ የዩኒየን ሲቲ ከንቲባ ናቸው። በ2004 ከንቲባነታቸውን ሳይለቁ የኒው ጀርሲ አሴምብሊ (የስቴቱ ታችኛው ምክር ቤት) አባል ሆኑ፤ በጃንዋሪ 2008 ደግሞ ወደ ሴኔቱ ተሻገሩ። ያኔ በዚያ ስቴት ይህ ብርቅ አልነበረም። የጎረቤት ከተማዋ የኖርዝ በርገን ከንቲባ ኒኮላስ ሳኮም ከ1994 ጀምሮ ሴናተር ነበሩ። በ2007 ግን ሕግ ወጣ፦ ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2008 ወዲህ አንድ ሰው በምርጫ የሚያዙ ሁለት ሥልጣኖችን በአንድ ጊዜ መያዝ አይችልም። አስቀድመው ሁለቱንም የያዙት ብቻ፣ እስካልለቀቁ ድረስ፣ እንዲቀጥሉ ተፈቀደላቸው። ስታክ ሴኔት የገቡት ሕጉ ሊጸና አንድ ወር እንኳ ሳይቀረው ነው። ስለዚህ አክስትሽ ዘንድ ያየሽው የአሮጌ ሥርዓት ቅሪት ነው።

ለምን ተከለከለ? ደጋፊዎቹ የሚሉት አለ፤ ከንቲባው ሴናተር ሲሆን የከተማውን ችግር ሌላ ሰው ሳያስተረጉም ራሱ ስቴቱ ዘንድ ያደርሳል፣ ለመንገዱም ለትምህርት ቤቱም ገንዘብ ያመጣል። ይህ ውሸት አይደለም። ዩኒየን ሲቲ በጣም በጠበበ መሬት ላይ 68 ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት፣ አብዛኛው ነዋሪዋ ከስደተኛ ቤተሰብ የሆነ ከተማ ናት፤ የስቴቱ ድጋፍ ለእንዲህ ዓይነት ከተማ ትልቅ ነገር ነው። ሌላውን ጎን ግን እይው። ገንዘቡን የሚለምነውም፣ ገንዘቡ ይሰጥ ብሎ ድምፅ የሚሰጠውም አንድ ሰው ሆነ ማለት ነው። ስቴቱ ከተማዎቹን መቆጣጠር ሲኖርበት ተቆጣጣሪውና ቁጥጥር የሚደረግበት በአንድ ወንበር ተቀመጡ። በዚያ ላይ ሁለት ደመወዝ አለ፤ ከደመወዙም ጋር የሚያድግ ጡረታ። የኒውርክ ከንቲባ የነበሩት ሻርፕ ጄምስ ከ1986 እስከ 2006 ከተማዋን መርተዋል፤ ከ1999 ጀምሮ ደግሞ ሴናተርም ነበሩ። በ2008 የከተማዋ መሬት ለቅርብ ሰው በርካሽ እንዲሸጥ በማድረግ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው 27 ወር ተፈረደባቸው። ሁለት ወንበር የያዘ ሁሉ ይሰርቃል ማለቴ አይደለም። ሥልጣን በአንድ እጅ ሲከማች ግን «ተው» የሚል ሰው ያንሳል። እኔ በዚህ ጉዳይ ከሕጉ ወገን ነኝ፤ አንቺም የምትመኚው አገልግሎቱን ከሆነ በሩ መዘጋቱ አያስከፋሽ።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ለ2023ቱ ምርጫ የምርጫ ክልሎቹ እንደገና ሲሸነሸኑ ስታክና ሳኮ አንድ ዲስትሪክት ውስጥ ወደቁ፣ የሴኔት ወንበሩም አንድ ብቻ ሆነ። ሳኮ 30 ዓመት የተቀመጡበትን የሴኔት ወንበር ትተው ምን ያዙ? ከንቲባነቱን። ብዙ ተማሪዎች የአካባቢ ሥልጣንን እንደ መሰላል፣ የስቴቱን ደግሞ እንደ ጣሪያ ያዩታል። እኚህ ሰው ግን አንዱን ምረጥ ሲባሉ የሰፈራቸውን መረጡ። ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ጉልበቱ የሚመጣው ከታች ነው፦ ማን በየትኛው ሕንጻ እንደሚኖር፣ የማን እናት እንደታመመች፣ የትኛው መንገድ በረዶ ሲጥል እንደማይጠረግ ከማወቅ።

ሁለቱን መያዝ የሚፈቀድባቸው ስቴቶች ዛሬም አሉ። ኒው ሃምፕሻየርን ውሰጂ። የተወካዮች ምክር ቤቷ 400 አባላት አሉት፤ ደመወዙ በዓመት 100 ዶላር ነው። አንድ መቶ ነው ያልኩሽ፣ የትየባ ስህተት እንዳይመስልሽ። ከእነዚህ አባላት የከተማቸው አስተዳደር ቦርድ ወይም የትምህርት ቤት ቦርድ አባል ሆነው የሚሠሩ አይጠፉም። እዚያ ሁለት ወንበር መያዝ የጎረቤት ግዴታን ይመስላል፤ የሚተዳደሩት በሌላ ሥራ ወይም በጡረታ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ስቴት ስላልሆነች 13 አባላት ያሉት ምክር ቤቷ የከተማንም የስቴትንም ሥራ በአንድ ላይ ይሠራል፤ ኮንግረስ ከላይ ሆኖ ሕጉን ሊሽር መቻሉ ሳይዘነጋ። አንቺ የምትመኚው ሥራ በአንድ ወንበር ተጠቃሎ የሚገኘው ከቤትሽ ብዙም ሳይርቅ፣ መስመሩን ተሻግረሽ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ወደ ሜሪላንድ። የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት ደመወዝ ያላቸውን ሁለት የሕዝብ ሥልጣኖች አንድ ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይዝ ይከለክላል። ስለዚህ የካውንቲ ምክር ቤት አባል ለአናፖሊስ፣ ማለትም ዋና ከተማዋ ላይ ለሚሰበሰበው የስቴቱ ምክር ቤት፣ ሲመረጥ አንዱን ይለቃል። ሌላም አለ፤ ብዙ ወገኖቻችን ሃያ ዓመት ኖረውበት የማያውቁት ነገር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የለውም። የከተማ ምክር ቤትም የለውም። በሕግ ዓይን ከተማ አይደለምና የሚያስተዳድረው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው፤ 11 አባላት ባሉት ምክር ቤትና በካውንቲ ኤክስኪዩቲቭ (በካውንቲው ዋና አስተዳዳሪ)። «ከንቲባ እሆናለሁ» ካልሽ መጀመሪያ ቤት መቀየር አለብሽ። ጎረቤትሽ ታኮማ ፓርክ ግን ከንቲባና ስድስት የምክር ቤት አባላት አሏት። ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች በከተማዋ ምርጫ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ የ16 ዓመት ልጆችም። አባትሽ በግሪን ካርድ ቢኖሩ እንኳ እዚያ ድምፅ ይኖራቸው ነበር።

እንግዲህ ጥያቄውን ልገልብጠው። «ከንቲባ ልሁን ወይስ ሴናተር?» ከማለትሽ በፊት እንቅልፍ የሚነሳሽ ነገር ምንድን ነው? ደብዳቤሽ ላይ ይህን አልጻፍሽም፤ እኔም ያጣሁት እሱን ነው። ወንበሩን የሚመርጥልሽ ችግሩ ነውና።

ምሳሌ ላምጣ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉትን የአበሻ ምግብ ቤቶች ታውቂያቸዋለሽ። በሞንትጎመሪ ካውንቲ የአልኮል መጠጥ በጅምላ የሚያከፋፍለው ካውንቲው ራሱ ነው፤ ባለ ምግብ ቤቱ ወይኑን ገበያ አማርጦ አይገዛም። ይህ አልተመቸኝም ብሎ ሮክቪል የካውንቲው ምክር ቤት ፊት አቤት ቢል መልሱ «ይህን የሚቀይረው የስቴቱ ሕግ ነው» የሚል ነው፤ መንገዱ ወደ አናፖሊስ ነው። በተቃራኒው የቤት ኪራይ ጭማሪ የሚያንገበግብሽ ከሆነ በ2023 የኪራይ ጭማሪን በዓመት ከ6 በመቶ እንዳያልፍ የገደበው የካውንቲው ምክር ቤት ነው፣ አናፖሊስ አይደለም። አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ተምራ እዚህ የመጣች ነርስ ፈቃድ ለማግኘት የምታየው ፍዳ ደግሞ የስቴቱ ጉዳይ ነው። አውቶቡሱ፣ የመጻሕፍት ቤቱ ሰዓት፣ የመሬት አጠቃቀሙ የካውንቲው ነው። ይህን መለየት የሙያው ፊደል ነው። ዲግሪ ይዘው ይህን የማይለዩ ብዙ ወጣቶች አጋጥመውኛል።

ስለ ገንዘቡ አባትሽ እውነት አላቸው፤ ይህን ሳልሸፍን እነግርሻለሁ። የሜሪላንድ ዴሊጌት (የስቴቱ ታችኛው ምክር ቤት አባል) ደመወዝ በዓመት ከ50 ሺህ ዶላር ከፍ ይላል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ የቤት ኪራይ ይህ ለብቻው ቤተሰብ አያኖርም። ኒው ጀርሲ ከ2002 ጀምሮ 49 ሺህ ዶላር ላይ ቆሞ የነበረውን የሕግ አውጪዎቿን ደመወዝ ከ2026 ጀምሮ ወደ 82 ሺህ አሳድጋዋለች፤ ቴክሳስ ግን የምትከፍለው 7,200 ብቻ ነው። እነዚህ ሥራዎች ሲፈጠሩ የታሰበው ሌላ ገቢ ላለው ሰው ነው። በኒው ጀርሲ ሁለት ወንበር መያዝ የተለመደበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ይመስለኛል፦ አንዱ ደመወዝ አልበቃ ሲል ሌላው ይደግፈዋል። ለአንቺ ያ መንገድ ስለተዘጋ ሁለተኛው እንጀራሽ ሌላ ሙያ መሆን አለበት።

ሙያውም ጊዜ የሚሰጥ ይሁን። የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ ከጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ጀምሮ 90 ቀን ይሰበሰባል። በእነዚያ ቀናት ከሁለት ሺህ በላይ ረቂቆች ይቀርባሉ፤ የመጨረሻዋ ቀን እስከ እኩለ ሌሊት ትሄዳለች። ሦስት ወር ቀጣሪሽ ሊለቅሽ ይችላል? የአንቺው ዲስትሪክት 20 ሴናተር የነበሩት ጄሚ ራስኪን፣ ኮንግረስ ከመግባታቸው በፊት ለአሥር ዓመት ያህል በአንድ እጃቸው ሴናተር፣ በሌላው በአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ነበሩ። ታኮማ ፓርክ ዜግነት ለሌላቸው ነዋሪዎች ድምፅ እንድትሰጥ በተደረገው ዘመቻ ውስጥም ነበሩበት፤ ያኔ ገና ምንም ሥልጣን አልነበራቸውም።

አባትሽ ነርሲንግ ሲሉሽ ከፖለቲካ የሚያርቁሽ መስሏቸው ይሆናል። ኤዲ በርኒስ ጆንሰንን ንገሪያቸው። ዳላስ በሚገኘው የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ነርስ ነበሩ። በ1972 ለቴክሳስ የተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ፣ ቆይተው የስቴቱ ሴናተር ሆኑ፣ ከ1993 እስከ 2023 መጀመሪያ ደግሞ ኮንግረስ ውስጥ አገለገሉ። ኮንግረስ የገቡ የመጀመሪያዋ ፈቃድ ያላቸው ነርስ እሳቸው ናቸው። ነርስ በሳምንት ሦስት ረጃጅም ፈረቃ ሠርታ ማታ ማታ ለስብሰባ ጊዜ ታገኛለች፤ የሕክምና መድን ሕግ ሲረቀቅም ከጠበቃው ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ነርሲንግ ግቢ ማለቴ አይደለም፤ ሦስተኛ ዓመት ላይ ዲፓርትመንት መቀየር ውድ ነው። ግን ፖለቲካል ሳይንሱን ብቻውን ይዘሽ አትውጪ። እኔን ከጠየቅሽኝ የመንግሥት በጀትና ፋይናንስ ጨምሪበት። በየትኛውም ምክር ቤት ውስጥ በጀት ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ነው፤ የሚችለውን ሁሉም ይፈልገዋል። ሜሪላንድ ውስጥ በጀቱን የሚያቀርበው ገዢው ነው፤ ምክር ቤቱ ለረጅም ዘመን መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም ነበር። ሕዝቡ በ2020 ድምፅ ሰጥቶ ይህን ቀይሮታል። ይህን የሚያውቅ የካውንቲ የበጀት ተንታኝ ደመወዙም ደህና ነው፣ ሥራውም ከሚወደው ነገር አያርቀውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚገባበት ነው። የፌዴራል መንግሥት ሥራ ከያዝሽ የ1939ኙ የሃች ሕግ በፓርቲ ምርጫ እንዳትወዳደሪ ያግድሻል። ዋሽንግተን ዙሪያ ባሉ አንዳንድ ቦታዎች፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲን ጨምሮ፣ በግል ተወዳዳሪነት ለአካባቢ ሥልጣን መቅረብ ይቻላል፤ ለአናፖሊስ ግን አይሆንም። የፌዴራል ሥራ መልካም ሥራ ነው፤ ስትይዢው ግን ይህን አውቀሽ ያዢው።

እናትሽን በተመለከተ ቀስ ብዬ ልናገር። «በሩቁ» የምትለው በቂ ምክንያት ኖሯት ነው። የእኛ ትውልድ በፖለቲካ ወንድም ቀብሯል፣ እስር ቤት ስንቅ አመላልሷል፣ ሱዳን በእግሩ ተሻግሯል። ቀይ ሽብርን ያየች ሴት ልጇ «ምርጫ ልወዳደር» ስትላት የሚታያት ፖስተር አይደለም። አትከራከሪያት። ከዚህ ሥራ ውስጥ ሰላማዊውን ክፍል አሳያት፦ የትምህርት ቤት አውቶቡስ፣ የመንገድ መብራት፣ የአረጋውያን ምሳ። ከእኛው ስደት የወጡ ልጆች ይህን ሥራ እየሠሩት እንደሆነም ንገሪያት። ግርማይ ዛሂላይ ሱዳን ውስጥ ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች ተወልዶ በ2019 ሲያትል ለምትገኝበት ለኪንግ ካውንቲ ምክር ቤት፣ በ2025 ደግሞ ለካውንቲው ኤክስኪዩቲቭነት ተመርጧል። ከጋምቤላ ተነስቶ በኬንያ የስደተኞች ካምፕ ያለፈው ኦባላ ኦባላ ዜግነቱን ባገኘ በዓመቱ ውስጥ በ2020 ለኦስቲን፣ ሚኒሶታ ከተማ ምክር ቤት ተመርጧል። አባቷ ኢትዮጵያዊ የሆኑት ሳምራ ብሩክ በዚያው ዓመት ለኒው ዮርክ ሴኔት ተመርጣለች። ሁለቱ ከአካባቢ ምክር ቤት እንደጀመሩ አስተውይ።

በሕግ በኩል የሜሪላንድ ዴሊጌት ለመሆን 21 ዓመት፣ በስቴቱ አንድ ዓመት፣ በዲስትሪክቱ ስድስት ወር መኖር ይበቃል፤ ለሴኔት 25 ዓመት። ምርጫው በየአራት ዓመቱ ነው፦ 2022፣ 2026፣ 2030። እኔ አንቺን ብሆን 2030ን እንኳ ለመወዳደሪያ ሳይሆን የሌላ ሰው ቅስቀሳ ለመምራት አስበው ነበር። እስከዚያ የሚሠራ ሞልቷል። ካውንቲው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የሚሾመው የዜጎች አማካሪ ቦርድ አለ፤ ክፍያ የለውም፣ ግን ስብሰባ መምራትን፣ ደንብ ማንበብን፣ ከማይስማማሽ ሰው ጋር ሁለት ሰዓት መቀመጥን ያስተምራል። በምርጫ ቀን የምርጫ አስፈጻሚ ሆነሽ ሥሪ፤ እሱ ይከፈላል። ዕድራችሁንም አትናቂ። ሁለት መቶ ቤተሰብ ያለበት ዕድር ውስጥ ጸሐፊ ሆነሽ ወጪና ገቢውን በንጹሕ ከያዝሽ፣ የተኳረፉትን ካስማማሽ፣ ስምሽ ከማንኛውም ፖስተር በፊት በየቤቱ ይገባል። በራፍ አንኳኩተሽ ድምፅ ስትጠይቂ በሩን የሚከፍቱት እነሱ ናቸው። ግን እዚያ ላይ አትቁሚ፤ ዲስትሪክት 20 ሳልቫዶራዊም፣ ጃማይካዊም፣ ነጩም ጡረተኛ ያለበት ነው። በአበሻ ድምፅ ብቻ የሚያሸንፍ ሰው እዚያ የለም፤ ስፓኒሽ መማር ከጀመርሽ ከምክሬ ሁሉ ትርፉ እሱ ይሆናል።

በቅርብ የምታደርጊው ይህ ነው። የሜሪላንድ ጠቅላላ ምክር ቤት በ90 ቀኑ ውስጥ የኮሌጅ ተማሪዎችን በኢንተርንነት ይቀበላል፤ መጠነኛ የኪስ ገንዘብም ይሰጣል። ማመልከቻው የሚገባው በፎል ነውና ሴሜስተሩ እንደጀመረ የኮሌጅሽን ቢሮ ጠይቂ። አናፖሊስ ከቤትሽ 30 ማይል ገደማ ነው፣ መኪና ከሌለሽ አሁኑኑ መላ ፈልጊለት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ማክሰኞ ሮክቪል ሄደሽ የካውንቲው ምክር ቤት ሲሰበሰብ ከጀመረ እስኪያልቅ ተቀመጪ። ከሰለቸሽ አሁን ማወቁ ይሻላል። አባትሽንም ይዘሻቸው ሂጂ፤ ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው፣ በር ላይ ዜግነት የሚጠይቅ የለም።